ጀልባው የሚኖረው በየብስ ነው

ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሳያጓድል ወንዝ የሚወርድ፣ ዝናብም ብርድም የማይመልሰው አጥማጅ በእያንዳንዱ ጉዞ 6 ሰዓት ቢቆይ እንኳ፣ ጀልባው በዓመት ውሃ ላይ የሚውልለት 312 ሰዓት ነው፤ ከመቶ አራት እጅ አይሞላም። የቀረውን ዘጠና ስድስት እጅ ጀልባው የሚያሳልፈው ጋራዥ ውስጥ፣ በረንዳ ሥር፣ መኪና አናት ላይ፣ ወይም ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ዳር ባለው ጠጠር መንገድ ላይ ነው። ሆኖም በፔዳል የሚሄድ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ልግዛ ብሎ የሚነሣ ሰው የሚጠይቀው ሁሉ የዚያ የአራቱ እጅ ጥያቄ ነው፤ ፍጥነቱ ስንት ነው፣ ቆሜ መንጠቆ መወርወር እችላለሁ ወይ፣ ወንበሩ ይመቻል ወይ፣ የዓሣ መፈለጊያው ስክሪን የት ይታሰራል። በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ብዬ ነው። መጀመሪያ መንገዱ ይታይ፤ ጀልባው መንገዱ ከሚፈቅዳቸው መካከል ይመረጥ።

ከስሙ ልጀምር። ካያክ የሚለው ቃል የኢኑዊት፣ ማለትም የግሪንላንድና የሰሜን አሜሪካ ጫፍ አዳኞች ቃል ነው። እዚያ ዛፍ አይበቅልም። ማዕበል ከሩቅ አገር እየገፋ ያመጣላቸውን ግንድ ፈልጠው፣ አጥንት ጨምረው፣ በባሕር እንስሳ ቆዳ ለብጠው የሠሩትን ጀልባ አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት ይሄድ ነበር። በበረዶና በውሃ መካከል እየተመላለሰ የሚያድን ሰው መሸከም የማይችለው ጀልባ አይጠቅመውም። ዛሬ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ተብሎ የሚሸጠው ግን ከዚያ ጀልባ ይልቅ ለጣና ታንኳ ይቀርባል። የኢኑዊቱ አዳኝ ጀልባው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ የጣናው ሰው የሚቀመጠው በደንገሉ ላይ ነው። ውሃ ቢረጨውም በደንገሉ መሐል ሾልኮ ይወርዳል፤ ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ግድግዳው ሳይሆን አካሉ ነውና። የዛሬው ካያክም አየር የታሸገበት የፕላስቲክ አካል ነው፤ ሰው ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ የገባው ውሃ ከላይ እስከ ታች በተበሱት ቀዳዳዎች ይወጣል። ባለታንኳው ደግሞ ገዢዎቻችን የሚረሱትን አንድ ነገር ያውቃል። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ የጠጣ ታንኳ ይከብዳል፣ ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መዋል አለበት። ለእሱ ጀልባን ከውሃ ማውጣትና መሸከም የሥራው ክፍል እንጂ ከሥራ በኋላ የሚመጣ ጣጣ አይደለም።

የዛሬው ካያክ ክብደት ከየት መጣ? ከፔዳሉ ነው ቢባል አያስኬድም አይባልም፤ ነገር ግን ፔዳሉ ራሱ ከባድ ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የካሊፎርኒያው ሆቢ ኩባንያ ግሬግ ኬተርማን የፈለሰፈውን ሚራዥ ድራይቭ ለገበያ አቀረበ። ሁለቱ ፔዳሎች በየተራ ወደፊት ሲገፉ፣ ከጀልባው ሆድ ሥር ሁለት ክንፎች እንደ ፔንግዊን ክንፍ ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ። በኋላ ኔቲቭ ዋተርክራፍትና ኦልድ ታውንን የመሰሉ ኩባንያዎች ሌላ መንገድ ያዙ፤ እንደ ብስክሌት የሚዞር ፔዳል ከሥር ፕሮፔለር ያዞራል፣ ወደኋላ ሲዞር ጀልባው ወደኋላ ይሄዳል። መሣሪያው ተነቅሎ የሚወጣ ሲሆን ጥቂት ኪሎ ብቻ ይመዝናል። እግር ከክንድ የበለጠ ጉልበት አለው፣ ቶሎም አይደክምም፤ ትልቁ ትርፍ ግን የእጅ ነፃ መውጣት ነው። በመቅዘፊያ የሚሄድ ሰው ወይ ይቀዝፋል ወይ ያጠምዳል፤ ፔዳል የሚረግጠው ዘንጉን እንደያዘ ነፋሱን ተቋቁሞ ቦታውን ይጠብቃል። ነፃ የወጣ እጅ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል፤ ስክሪን፣ ባትሪ፣ አራት ዘንግ፣ የመንጠቆ ሣጥን። ፔዳል የሚረግጥ ሰው ወለል ላይ መቀመጥ ስለማይመቸው ወንበሩ ከፍ አለ። ወንበሩ ከፍ ሲል የሰውየው ክብደት አብሮ ከፍ ይላል፤ ጀልባው እንዳይገለበጥ መስፋት አለበት፤ የሰፋው ወለል እንዳይለመጥ መወፈር አለበት። እንዲህ እያለ እጅን ነፃ ያወጣው ፔዳል ወገብ ላይ ዕዳ ጣለ።

ሁለት የሆቢ ጀልባዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ በቁጥር ይታያል። አውትባክ የተባለው 34 ኢንች ይሰፋል፤ አካሉ ብቻውን 38 ኪሎ ገደማ፣ ሙሉ ዕቃው ሲገጠምለት 47 ኪሎ ገደማ ነው። ታላቅ ወንድሙ ፕሮ አንግለር 14 ደግሞ 38 ኢንች ሰፍቶ፣ ሙሉ ትጥቁን ሲታጠቅ 65 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ዘይት ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ የሚባለው፣ ሠራተኛ በእጁ ለሚያነሣው ዕቃ ያወጣው ስሌት የሚነሣው ከ23 ኪሎ ነው፤ ያውም ዕቃው ለሰውነት ሲጠጋ፣ በወገብ ከፍታ ግድም ሲሆን፣ ጥሩ መያዣ ሲኖረውና የሚያነሣው ሰው ሳይጠማዘዝ። ከእነዚህ አንዱ በጎደለ ቁጥር ስሌቱ ከ23 እየቀነሰ ይወርዳል። አራት ሜትር የሚጠጋ የሚያዳልጥ ፕላስቲክ ከመሬት ወደ መኪና ጣሪያ ሲወጣ ሁሉም ይጎድላል። ብልህ ሰው ታዲያ ጀልባውን በሙሉ አያነሣም። አንዱን ጫፍ ከመኪናው ኋላ ባለው ብረት ላይ ያስደግፋል፣ ከዚያ ሌላውን ጫፍ አንሥቶ ይገፋል፤ በዚህ ዘዴ በአንድ ጊዜ እጁ ላይ የሚያርፈው የክብደቱ ግማሽ ያህል ነው። 38 ኪሎ ሲከፈል 19 ይሆናል፤ ያስኬዳል። 65 ሲከፈል 32 ተኩል ነው፤ ወንበሩና ፔዳሉ ተነቅለው እንኳ ከ23ቱ በታች አይወርድም። ብቻውን ለሚጭን ሰው ራቁቱን 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አካል ወሰን ነው ብል ከዚህ ሒሳብ ተነሥቼ ነው፤ ወገቡን አንዴ የታመመ ሰው ደግሞ ወሰኑን ዝቅ ያድርገው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ሰፊ ጀልባ እኮ ያለ ምክንያት አልሰፋም ይባላል። ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ከሚገመተው በላይ ጠንካራ ነው። የጀልባ አልገለበጥ ባይነት ከስፋቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ርዝመቱ እኩል ከሆነ በስፋቱ ሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ከ34 ወደ 38 ኢንች መሄድ ስፋቱን 12 ከመቶ ብቻ ቢጨምርም፣ ጀልባው ወደ ጎን ሲጋደል ለመመለስ ያለውን ኃይል በ40 ከመቶ ገደማ ያሳድገዋል። ቆሞ መወርወር ለሚፈልግ፣ ሰውነቱ ለገዘፈ፣ ትልልቅ የሞተር ጀልባዎች ማዕበል በሚያስነሡበት ሰፊ ውሃ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክርክሬ ሰፊው ጀልባ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። 40 ከመቶው የሚሠራው ጀልባው ውሃ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮ አንግለር ማንንም ቀጥ አድርጎ አያቆምም። ከብዶ ያስመረረ ጀልባ በመጀመሪያው በጋ ስድስት ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ ይወጣና በሦስተኛው ፎቶው ማስታወቂያ ላይ ይለጠፋል። የሁለተኛ እጅ ገበያው እንደ አዲስ በሆኑ ከባድ ካያኮች መሞላቱ ለገዢ መልካም ዜና ነው፤ ሻጩን ግን ለምን ሸጥከው ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ውሃውም ቢሆን የራሱን ፍርድ ይሰጣል። ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ያለውን የፖቶማክ ወንዝ ልውሰድ። ወንዙ ከከተማዋ ወደ ታች የባሕር ሞገድ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ውሃ ሲሆን፣ በ1982 ሃይድሪላ የተባለ የውሃ አረም ከተገኘበት ወዲህ ጥልቀት የሌላቸው ጥጋጥጎቹ በበጋ ምንጣፍ ይለብሳሉ። በ2002 በሜሪላንድ ክሮፍተን ከተማ አንድ ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ አገር ያስደነገጠው፣ በ2004 በወንዙ የታየው ስኔክሄድ የተባለ የእስያ ዓሣ የሚያደፍጠውም እዚያው አረም ውስጥ ነው። አጥማጁ ወደ አረሙ መግባት አለበት ማለት ነው። ፕሮፔለር ከሆዱ በታች ግማሽ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ አረሙን እንደ ሹካ ፓስታ ይጠቀልላል፤ ከዚያ መሣሪያውን አንሥቶ ክሩን ክር በክር መፍታት ነው። የሚወዛወዙት ክንፎች ደግሞ አንዱ ፔዳል ወደፊት ተገፍቶ ሲያዝ ከሆዱ ሥር ተኝተው ይለጠፋሉ፤ አረም ቢይዛቸውም አይጠቀልሉትም። በሌላ በኩል ክፍት ውሃ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እያለ ቦታ ለሚጠብቅ ሰው የፕሮፔለሩ ቀላልነት ይመረጣል። የመጀመሪያዎቹ ሚራዦች ወደኋላ አይሄዱም ነበርና ያገለገለ የሚገዛ ሰው ይህን ያጣራ። አረሙ ሲበዛ ሁለቱም ይሸነፋሉ፤ ስለዚህ ፔዳል ያለው ሰው መቅዘፊያውን ቤት ጥሎ አይሄድም። 38 ኢንች የሚሰፋን ጀልባ በመቅዘፊያ መግፋት ግን በር ገንጥሎ እንደመቅዘፍ ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ። የእያንዳንዱ መኪና መመሪያ ጣሪያው ሲነዳ የሚሸከመውን ክብደት ይጽፋል፤ ለብዙ የቤት መኪኖች ከ100 እስከ 165 ፓውንድ፣ ማለትም ከ45 እስከ 75 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ የፖርቶመጋላው ብረቶች ክብደት ይቀነሳል፤ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለዚህ በአንዳንድ መኪና ላይ ጥያቄው ልጫነው እችላለሁ ወይ የሚለው ሳይሆን ጣሪያው ይችለዋል ወይ የሚለው ነው። ነፋሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነት ሁለተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ በከተማ 35 ማይል ላይ ዝም ያለ ጀልባ በአውራ ጎዳና 65 ማይል ላይ ሦስት እጥፍ ተኩል በሚጠጋ ኃይል ይገፋል፤ አፍንጫው ከፍ ካለ ደግሞ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ሊያነሣው ይሞክራል። ሁለቱ የመሐል ቀበቶዎች ጀልባውን ከብረቱ ጋር ይይዙታል፤ ይህን የማንሣት ኃይል የሚይዙት ግን ከፊትና ከኋላ ጫፍ ወደ ታች የሚታሰሩት ገመዶች ናቸው። የፊተኛው ገመድ የሚታሰረው ከኮፈኑ ሥር ከብረት አካሉ ጋር በብሎን ከተያዘ የጨርቅ ማንጠልጠያ ጋር ነው እንጂ ከፕላስቲክ ባምፐር ጋር አይደለም።

አብዛኞቹ እነዚህ ካያኮች የሚሠሩት ከፖሊኤቲሊን ነው። የፕላስቲኩ ዱቄት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጨመርና በምድጃ ውስጥ እየተሽከረከረ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ያለ ስፌት አንድ ወጥ አካል የሚገኘው በዚህ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው መለስለሱ ግን አልቀረም። በሐምሌ ፀሐይ ጥርስ ባለው ማጥበቂያ፣ ራቼት በሚሉት፣ ክር እስኪል የተወጠረ ጀልባ ከብረቱ ጋር በተገናኘበት ቦታ ይጎደጉዳል። በእጅ ጉልበት ብቻ የሚጠብቀው ተራ ቁልፍ ያለው ቀበቶ በቂ ነው፤ አለማስጨነቁ ጉድለቱ ሳይሆን ጥቅሙ ነው። ሆዱን ሰማይ አሳይቶ፣ አፉን ወደታች ደፍቶ መጫንም ይረዳል፤ የላይኛው ጠርዝ ከሆዱ ይልቅ ጠንካራ ነውና። ከጎደጎደም ባዶውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ መተው ነው፤ ብዙ ጊዜ ያጎደጎደው ሙቀት ራሱ ይመልሰዋል። ቀበቶው በመንገድ ላይ እንደ ማሲንቆ የሚያንጎራጉር ከሆነ አንዴ ጠምዝዞ ማሰር ዝም ያሰኘዋል፤ ጠፍጣፋው ነፋስ ላይ መርገብገቡን ይተዋልና።

ፒክአፕ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ግማሹን ይድናል፤ ካሶኒው ከጣሪያ ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን አምስት ጫማ ተኩል በሆነ ካሶኒ ላይ 13 ጫማ የሚጠጋ ጀልባ ሲተኛ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውጭ ይቀራል፤ ከሥሩ ደጋፊ ብረት ያስፈልገዋል። በቨርጂኒያ ሕግ ጭነት ከተሽከርካሪው ኋላ ከ4 ጫማ በላይ ሲወጣ ቀን ቀይ ጨርቅ፣ ሌሊት ቀይ መብራት ይታሰርበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተሳቢ ግዛና ይህን ሁሉ ጣጣ እርሳው የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ግቢና ጋራዥ ላለው ሰው ይህ መልስ ነው፤ ያ ሰው 65 ኪሎውን ይግዛ፣ ከእኔም ጋር ክርክር የለውም። ግን ተሳቢ ክብደትን አያጠፋም፤ ወደ ሌላ ዕዳ ይለውጠዋል። ሰሌዳ ይፈልጋል። ማደሪያ ይፈልጋል፤ አፓርትመንት የሚያከራዩ ብዙ ድርጅቶችም ሆኑ የሰፈር ማኅበራት ተሳቢ በመኪና ማቆሚያ ማሳደርን በውል ይከለክላሉ፤ ይህን ከግዢ በኋላ ማወቅ ያሳዝናል። ርካሾቹ ተሳቢዎች ላይ የሚገጠመው ባለ 8 ኢንች ጎማ ትንሽ ስለሆነ የመኪናው ጎማ አንዴ ሲዞር እሱ አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ኩሽኔታው ግራሶ ካነሰው መንገድ ላይ ግሎ ይነክሳል። ባሌስትራው ደግሞ ለብዙ መቶ ኪሎ የተሠራ ነው፤ 65 ኪሎ ሲጫንበት ስለማይሰማው አይተኛም፣ እያነጠረ ጀልባውን ይቀጠቅጠዋል። በአየር የሚነፉትን ካያኮች በተመለከተም የሚባለው ያው ነው፤ ሻንጣ ውስጥ መግባታቸው ለፎቅ ነዋሪ ድንቅ ነው፣ መንጠቆ ይበሳቸዋል የሚለው ፍርሃትም የተጋነነ ነው፤ ዳሩ ግን ነፋስ ይገፋቸዋል፣ ሳይደርቁ ከታጠፉ ይሻግታሉ፣ ማድረቂያው ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ ገንዳ ነው።

ከመኪናው እስከ ውሃው ያለው የመጨረሻ መቶ ሜትር ሁሉም የሚንቀው ክፍል ነው። ሁለት ጎማ ያለው ትንሽ ጋሪ ይፈታዋል፤ ዓይነቱ ግን ይለያያል። አንዳንዱ ጋሪ ሁለት ዘንጎቹን ከታች ወደ ላይ በውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያስገባል። ቀዳዳዎቹ ለዚያ ተብለው ካልተጠናከሩ፣ ዕቃ የሞላ ጀልባ በድንጋይ ላይ ሲነጥር ጠቅላላ ክብደቱ በስሱ ፕላስቲክ ጠርዝ ላይ ያርፍና ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ከሥር ስለሆነ የሚታወቀው ጀልባው ውሃ ሲጠጣ ነው። ሆዱን አቅፎ በቀበቶ የሚታሰረው ጋሪ ለማሰር ትንሽ ቢያሰለችም ይህ ጣጣ የለበትም። ያገለገለ ጀልባ ሲገዛ ጣት መግባት ያለበት እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥና ፔዳሉ በሚገባበት ጉድጓድ ማዕዘኖች ላይ ነው።

ወደ ቤት ሲመለስ ጀልባው ብቻ አይደለም የሚጓዘው። ዜብራ መስል የተባለው ባለ ቅርፊት ትንሽ እንስሳ በ1988 በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ድንበር ባለው ሴንት ክሌር ሐይቅ ከተገኘ ወዲህ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ከተጓዘባቸው መንገዶች አንዱ በተሳቢና በጣሪያ ላይ የሚጫን ጀልባ ነው። እጮቹ በዓይን አይታዩም፤ ሆድ ውስጥ በቀረ አንድ ኩባያ ውሃ ይጓዛሉ። ሃይድሪላም ቢሆን ከተቆረጠ ቁራጩ ሥር ይሰዳል፤ ፕሮፔለር ላይ የተጠቀለለው ያ ክር ችግኝ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አረሙን መልቀም፣ የሆዱን ቡሽ ነቅሎ ውሃውን ማፍሰስ፣ ጀልባውን ፀሐይ ላይ ማድረቅ ከመጫን በፊትና በኋላ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ሆዱ ውስጥ የቀረ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ማፍሰሱ የሚጭነውንም ሰው ያግዛል፤ ባለታንኳው ይህን ያለ ናዮሽ ያውቀው ነበር።

ገዢው እንግዲህ ወደ ሱቁ በራሱ መኪና፣ ፖርቶመጋላው ተገጥሞ፣ የጣሪያውን አቅም በወረቀት ጽፎ ይሂድ። የሚወደውን ጀልባ ካገኘ ወንበሩንና ፔዳሉን ይንቀልና ብቻውን ጣሪያው ላይ ያውጣው፣ ያውርደው፣ ደግሞ ያውጣው። ሻጩ እጁን ኪሱ ከትቶ ይቁም፤ ወንዝ ዳር አብሮት አይኖርምና። ማንም ሰው ትኩስ ጉልበት እያለው አንዴ ማንሣት ይችላል፤ ቁምነገሩ ስድስት ሰዓት ፔዳል ረግጦ፣ እግሩ ዝሎ፣ እጁ በዓሣ ሽታና በውሃ እያዳለጠ የሚያነሣው ነው። በሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ካጠረው ከአጠገቡ ያለውን፣ በ10 ኪሎ የሚቀልለውን ይሞክር።